ለትራክተርዎ ቦክስ ብሌድ ሲመርጡና ሲያስተካክሉ

ቦክስ ብሌድ ሲያዩት ቀላል ዕቃ ነው። ሁለት የጎን ግድግዳ፣ አንድ የኋላ ግድግዳ፣ ከታች ስለት፣ ከፊት የተደረደሩ ጥርሶች። ሞተር የለውም። የሚሽከረከር ነገርም የለውም። ከትራክተሩ ኋላ ይታሰርና ይጎተታል፣ አለቀ። ያም ሆኖ ገዝቶት ትንሽ ከሞካከረ በኋላ «ጭራሽ መንገዴን አበላሸብኝ» ብሎ ጥግ ላይ የሚጥለው ሰው ብዙ ነው።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዕቃው አይደለም። ወይ ለትራክተሩ አይመጥንም፣ ወይ ደግሞ ታሰረ እንጂ አልተስተካከለም።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልንገርዎ። ቦክስ ብሌድ ሲመርጡ ከስፋቱ ይልቅ ክብደቱን ያስቀድሙ። ስለ ትራክተርዎ የፈረስ ጉልበት ከማሰብዎ በፊትም ትራክተሩ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ይወቁ። ትርፍ ገንዘብ ካለዎት ትልቅ ሳጥን አይግዙበት፣ ቶፕ ሊንኩ ላይ (ሳጥኑን ከላይ በኩል ከትራክተሩ ጋር የሚያያዘው፣ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ) ያውሉት። ለምን እንደሆነ ከታች ይገባዎታል።

መጀመሪያ ሥራውን ይለዩ

ቦክስ ብሌድ ጠንካራ መሬት ይቦጭቃል፣ የተቦጨቀውን ሰብስቦ በሳጥኑ ይዞ ይሄዳል፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ሲደርስ ያራግፋል። ለጠጠር መንገድ ጥገና፣ ለመጋዘን ወይም ለቤት ቦታ ድልደላ፣ ለግቢ ማስተካከያ የሚሆን ነው።

የማይሆንባቸው ሥራዎችም አሉ። ቦይ ማጽዳት ወይም አፈሩን ወደ አንድ ጎን መግፋት ከፈለጉ፣ በማዕዘን የሚዞር ተራ የኋላ ብሌድ ይሻልዎታል። ለሣር ወይም ለአትክልት የመጨረሻውን ልስላሴ የሚያወጣው ባለ ጥርስ መጥረጊያ ነው። አፈር ከሩቅ ቦታ ማመላለስ ደግሞ የሎደር ሥራ ነው። ቅርጹ ደህና የሆነ፣ ላዩ ብቻ የተበላሸ የጠጠር መንገድ ካለዎትና ሥራዎ እሱን በየጊዜው መጠገን ብቻ ከሆነ፣ ሁለት ስለት ያለው ላንድ ፕሌን ከቦክስ ብሌድ ያነሰ ችሎታ ይጠይቃል። ይህን ቦክስ ብሌድ የሚሸጥልዎ ሰው ላይነግርዎ ይችላል።

ሥራዎ የተደባለቀ ከሆነ ግን፣ ማለትም አንድ ቀን መቆፈር፣ አንድ ቀን መሙላት፣ አንድ ቀን ማለስለስ ካለብዎት፣ ከቦክስ ብሌድ የተሻለ አንድ ነጠላ ዕቃ አያገኙም።

ሜትር ይዘው ትራክተሩ ዘንድ ይሂዱ

ከኋላ ጎማዎቹ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ውጫዊ ጠርዝ ይለኩ። ሳጥኑ ከዚህ ልኬት በእያንዳንዱ ጎን ከ5 እስከ 10 ሳ.ሜ ቢበልጥ ጥሩ ነው። ካነሰ ጎማው ያስተካከሉትን መሬት እየረገጠ ይሄዳል። ግድግዳ ወይም አጥር ጥግ ላይም ሳጥኑ አይደርስልዎትም።

ቀጥሎ ክብደት። አብዛኛው ትራክተር ኋላ ላይ ያለውን ዕቃ በሃይድሮሊክ ያነሳል እንጂ ወደ ታች አይጫንም። ማንሻውን ሲለቁ ሳጥኑ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ስለቱን መሬት ውስጥ የሚያስገባውም ይኸው ክብደት ነው። ስለዚህ ቀላል ሳጥን ደረቅ መሬት ላይ እየነጠረ ይንሸራተታል እንጂ አይቆርጥም። እንደ መነሻ ልክ፣ በአንድ ሜትር ስፋት 150 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሳጥን ለከባድ ሥራ ይሆናል። 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ሳጥን 220 ኪሎ አካባቢ ቢሆን ደስ ይላል። ግማሹን ብቻ የሚመዝን ካጋጠመዎት ለለሰለሰ አፈር ነው የተሠራው።

የፈረስ ጉልበትን በተመለከተ የተለመደው ግምት እንዲህ ነው። 1.2 ሜትር ሳጥን እስከ 25 የፈረስ ጉልበት ላላቸው ትናንሽ ትራክተሮች፣ 1.5 ሜትር ከ25 እስከ 35፣ 1.8 ሜትር ከ35 እስከ 50፣ ከዚያ በላይ ያለው ለትላልቆቹ። ይህ ግን ግምት ነው። ሥራው ላይ ቀድሞ የሚያልቅብዎ የሞተር ጉልበት አይሆንም። ቀድሞ የሚያልቀው የጎማው መሬት የመቆንጠጥ አቅም ነው። ሞተሩ ገና እያለው ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 1.5 ሜትር ስፋት፣ 45 ሳ.ሜ ቁመት፣ 45 ሳ.ሜ ጥልቀት ያለው ሳጥን 0.3 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። አፈሩ ተዳፍቶ ስለሚቆለል ሁለት ሦስተኛውን እንውሰድ፣ 0.2 ሜትር ኩብ። በሜትር ኩብ 1.4 ቶን ብንገምት 280 ኪሎ ልቅ አፈር ማለት ነው። በዚህ ላይ የሳጥኑ ክብደት አለ። በዚህ ላይ ገና ካልተነካ መሬት ጋር የሚታገለው ስለትና ጥርስ አለ። ልቅ ጠጠር ላይ ጎማ የሚጎትተው በላዩ ካረፈበት ክብደት ግማሽ አካባቢ ብቻ ነው። 900 ኪሎ የምትመዝን ትራክተር ሰፊ ሳጥን ይዛ ለምን እንደምትቆም አሁን ግልጽ ይመስለኛል።

ትራክተርዎ ሰፊ ሆኖ ቀላል ከሆነስ? እዚህ ላይ ሁለቱ ልኬቶች ይጣላሉ። ምክሬ ጠባቡንና ከባዱን ይምረጡ ነው። ብዙ ትራክተሮች ላይ የኋላ ቸርኬውን ገልብጦ በማሰር የጎማውን ርቀት ማጥበብ ይቻላል። ተዳፋት ላይ የሚሠሩ ከሆነ ግን አያጥብቡት፣ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል።

የትራክተሩን የማንሳት አቅም ከመመሪያ መጽሐፉ ያንብቡ። ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፦ አንዱ ማያያዣ ጫፉ ላይ፣ ሌላው ከጫፉ 61 ሳ.ሜ ወደ ኋላ። ሁለተኛውን ይያዙ፣ እውነተኛው እሱ ነው።

ፒኖቹ ይገጥማሉ?

ባለ ሦስት ነጥቡን ማያያዣ፣ ማለትም ሁለቱን የታች ክንዶችና ቶፕ ሊንኩን፣ በሃይድሮሊክ አቀናብሮ ለዓለም ያስተዋወቀው ሃሪ ፈርጉሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ፎርድ 9ኤን ትራክተር ላይ ተገጥሞ ከወጣ በኋላ ሁሉም ፋብሪካ ተከተለው። ዛሬ የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ከሌላው ትራክተር ጋር የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን መጠኖቹ በምድብ የተከፈሉ ናቸው።

ምድብ 1 የታች ፒኖቹ 22 ሚሊ ሜትር፣ የላዩ ፒን 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። በሁለቱ የታች ማያያዣዎች መካከል ያለው ርቀት 68 ሳ.ሜ ያህል ነው። ምድብ 2 ደግሞ የታቹ 28፣ የላዩ 25 ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱ 82 ሳ.ሜ ያህል። ከሁለቱ በታች ለጥቃቅን ትራክተሮች የሚሆን ምድብ 0 አለ፣ ፒኑ 16 ሚሊ ሜትር ነው።

ሳጥኑ ምድብ 1 ሆኖ ትራክተሩ ምድብ 2 ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ፒኑ ላይ የሚጠለቅ የብረት ቡሽንግ ይገዛሉ፣ ክፍተቱ ይሞላል። ሳይሞሉ መሥራት ግን አይቻልም ብለው ይያዙት። ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ሁለቱንም ይበላቸዋል።

ተገላቢጦሹ ያስቸግራል። ሳጥኑ ምድብ 2፣ ትራክተሩ ምድብ 1 ከሆነ ወፍራሙን ፒን አውጥተው በቀጭን መተካት፣ የርቀቱንም ልዩነት ማስተካከል ይኖርብዎታል። ከዚያ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ። ያ ሳጥን ምድብ 2 የተደረገው ለከባድ ትራክተር ስለታሰበ ነው። የእርስዎ ትራክተር ይችለዋል ወይ?

ፈጣን ማያያዣ (ሦስቱን ፒኖች በአንዴ የሚይዝ የብረት ፍሬም) ለመጠቀም ካሰቡ፣ ከታች ፒኖቹ እስከ ላይኛው ፒን ያለውን ቀጥታ ከፍታ ይለኩ። አብዛኞቹ ፈጣን ማያያዣዎች 38 ሳ.ሜ ገደማ ይፈልጋሉ። ብዙ ርካሽ ሳጥኖች ይህን ልክ አይጠብቁም። ፈጣን ማያያዣው ሳጥኑን ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚያርቀውም የማንሳት አቅም ይቀንሳል።

የትኛው ዓይነት?

ቋሚ ግድግዳ ያለው በጣም የተለመደው ነው። ሁለት ስለት አለው፣ አንዱ ወደ ፊት ሲሄዱ፣ ሌላው ወደ ኋላ ሲሄዱ ይቆርጣል። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ለብዙ ሰው ይበቃል።

ባለ ማጠፊያው የኋላ ስለቱ በማጠፊያ የተንጠለጠለ ነው። ወደ ፊት ሲሄዱ ስለቱ ወደ ኋላ ይላወስና መሬቱን ተከትሎ ይደመድማል። ወደ ኋላ ሲሄዱ ከግድግዳው ጋር ተላትሞ ይቆማል፣ እንደ ዶዘር ይገፋል። ሲፈልጉ በፒን ይቆልፉታል። በጣም ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ከባድ ነው፣ ለመካከለኛና ለትልቅ ትራክተር ነው የሚሆነው። ትንሽ ትራክተር ያለው ሰው በዚህ አይጨነቅ።

ስለቱ በብሎን የታሰረ ይሁን። የተበየደ ስለት ሲያልቅ ቆርጦ ማውጣትና እንደገና መበየድ ሊኖርብዎት ነው። በብሎን የታሰረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት አፍ አለው፣ አንዱ ሲደንዝ ይገለበጣል። ብሎኑ ራሱ ከስለቱ ጋር እኩል እንዲሆን ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ዓይነት መሆን አለበት። ወጣ ያለ ራስ በጥቂት ቀን ተፍቆ ያልቃል።

ጥርሶቹን ሲያዩ ከቁጥራቸው ይልቅ ከፍ ዝቅ የሚደረጉበትን መንገድ ይመልከቱ። ቢያንስ ሦስት ቀዳዳ ይኑራቸው። ጫፋቸው ለብቻው የሚቀየር ቢሆን ይመረጣል። ጥርስ ከ25 እስከ 30 ሳ.ሜ ርቀት ይደረደራል፣ ስለዚህ 1.5 ሜትር ሳጥን ላይ አምስት ጥርስ የተለመደ ነው።

ያገለገለ ሊገዙ ከሆነ ቀለሙን ይተዉት። ቶፕ ሊንክ የሚታሰርበትን ቋሚ ብረት ብየዳ በጨርቅ ጠርገው በባትሪ ብርሃን ይዩት፣ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። የሳጥኑን ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ ርዝመት በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ ሳጥኑ ተጣሟል፣ ምንም ቢያደርጉ ቀጥ ያለ መሬት አይሰጥዎትም። የጥርስ ማስገቢያዎቹ ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ቅርጽ ከያዘ ሳጥኑ ብዙ ተንገላቷል ማለት ነው፣ በዋጋው ይከራከሩበት።

ማሰር

ሳጥኑን ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ ያስቀምጡ። ትራክተሩን ቀስ ብለው ያስጠጉ። ሞተር ያጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ከዚያ ይውረዱ። ትራክተሩ እየተንቀሳቀሰ ሰው በመካከል መቆም የለበትም፣ እርዳታ የሚሰጥ ሰውም ቢሆን።

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ የማይስተካከለው የታች ክንድ፣ ብዙ ጊዜ የግራው። ቀጥሎ የቀኙ፣ ምክንያቱም ይህኛው በእጅ እየዞረ ከፍ ዝቅ ይላል። መጨረሻ ላይ ቶፕ ሊንኩ። ሲፈቱ የዚህ ተቃራኒ።

የጎን መወዛወዝን የሚይዙትን ሰንሰለቶች ወይም ዘንጎች ያጥብቁ። እንደ ማረሻ መላወስ አያስፈልገውም። ሳጥኑ ወደ ጎን ከተወዛወዘ መስመሩ ይጠማመማል፣ ክንዱም ጎማ ይነካል። ከዚያ ሳጥኑን ቀስ ብለው እስከ ላይ ያንሱትና ከየትኛውም የትራክተሩ ክፍል ጋር አለመጋጨቱን ይዩ። ፒ ቲ ኦ ዘንግ (የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ዕቃ የሚያስተላልፈው) የተገጠመ ካለ ይውጣ።

ሃይድሮሊኩ ሁለት ዓይነት መቆጣጠሪያ ካለው የሚፈልጉት የከፍታ መቆጣጠሪያውን ነው። የጎተታ ኃይልን እያየ በራሱ የሚያነሳውንና የሚያወርደውን ይዝጉት። እሱ ለማረሻ የተፈጠረ ነው። ቦክስ ብሌድ ላይ ከተዉት ሳጥኑ በሞላ ቁጥር እያነሳ መሬቱን ያበላሽብዎታል።

ቶፕ ሊንክ፦ የነገሩ ሁሉ መሪ

ብዙ ሰው ቶፕ ሊንክን እንደ ማሰሪያ ብቻ ያያታል። ቦክስ ብሌድ ላይ ግን ዋናዋ መሪ እሷ ናት።

ቶፕ ሊንኩን ሲያሳጥሩት የሳጥኑ ራስ ወደ ትራክተሩ ይሳባል፣ አፍንጫው ወደ ታች ይደፋል። የፊቱ ስለትና ጥርሶቹ ይነክሳሉ፣ የኋላው ስለት ከመሬት ይነሳል። ይህ የመቆፈሪያ አቀማመጥ ነው። ሲያስረዝሙት ሳጥኑ ወደ ኋላ ይንጋለላል። የኋላው ስለት ክብደቱን ይሸከማል፣ የፊቱ ይነሳል፣ አፈሩ ከሥር እየወጣ ይበተናል። ይህ የማለስለሻ አቀማመጥ ነው። በመካከል ሁለቱም ስለቶች እኩል መሬት የሚነኩበት አንድ ልክ አለ።

ያንን መካከለኛ ልክ ያግኙና ምልክት ያድርጉበት። ሳጥኑን ሲሚንቶ ወለል ወይም ሌላ ደልዳላ ነገር ላይ ያውርዱ፣ ጥርሶቹን ወደ ላይ ይሰብስቡ፣ ቶፕ ሊንኩን እያዞሩ ሁለቱ ስለቶች እኩል ሲያርፉ ያቁሙ። ከቶፕ ሊንኩ በወጣው የብሎን ክፍል ላይ በቀለም ያስምሩ። ከዚህ በኋላ ስንት ዙር እንዳሳጠሩ፣ ስንት ዙር እንዳስረዘሙ እየቆጠሩ መሥራት ይችላሉ። አንድ ዙር ሁለት ዙር ትንሽ ይመስላል፣ ግን ልዩነቱ በስለቱ ላይ ወዲያው ይታያል።

ጀማሪ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው። ሳጥኑ አልቆፍር ሲል ያሳጥራል፣ አሁንም ያሳጥራል። ከዚያ ስለቱ በድንገት ይነክስና ትራክተሩ ይቆማል፣ ያነሳል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይነክሳል። መሬቱ እንደ መወጣጫ ደረጃ ይሆናል። መቆፈር ካቃተው ጥርሱን ያውርዱ እንጂ ሳጥኑን አፍንጫው ላይ አያቁሙት።

መሬቱ ለምን ይወዛወዛል?

ሁሉም የሚያማርረው በዚህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ሳጥኑ ያለው ከኋላ ጎማው በስተኋላ ነው። የፊት ጎማው እብጠት ላይ ሲወጣ ትራክተሩ በኋላ ጎማው ላይ እንደ ሚዛን ይዘነብልና ሳጥኑ ወደ ታች ይሄዳል። በጥልቀት ይቆርጣል። የፊት ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሳጥኑ ይነሳል፣ አፈር ያራግፋል። አሁን መሬቱ ላይ አዲስ ጉድጓድና አዲስ እብጠት ተፈጠረ። በሚቀጥለው ዙር የፊት ጎማው እሱ ላይ ይወጣል። እንዲህ እያለ ይባባሳል።

መላው ብዙ ነው። አንደኛ፣ ቀስ ይበሉ። በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይበቃል፣ ማለትም እንደ ሰው እርምጃ። ሁለተኛ፣ ቶፕ ሊንኩን ከመካከለኛው ልክ ጥቂት ዙር አስረዝመው ማንሻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርጉ። ሳጥኑ በኋላ ስለቱ ላይ አርፎ እንደ ልቡ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የትራክተሩ መወዛወዝ ብዙም አይደርስበትም። ሦስተኛ፣ አቅጣጫ ይቀያይሩ። ቦታው ከፈቀደ አንዱን ዙር በቁመት፣ ቀጣዩን በሰያፍ ይሂዱ። እጅዎንም ከማንሻው ላይ ያንሱ። በየሜትሩ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሰው የባሰ ያወዛውዘዋል።

እነዚህ ሁሉ ካልበቁ የልክ መጠበቂያ ጎማ ማስገጠም ነው። ከሳጥኑ በስተኋላ በክንድ የሚወጡ ሁለት ትናንሽ ጎማዎች ናቸው። ሳጥኑ ከነሱ በታች መውረድ አይችልም። ረጅም መንገድ ለሚያስተካክል ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ጥግ ላይ ወደ ኋላ መጠጋት ግን ይከለክሉዎታል።

ሳጥኑን ለራስዎ ማመቻቸት

የመጀመሪያው ወጪዬ ይሁን ካሉ፣ ሃይድሮሊክ ቶፕ ሊንክ። መቆፈር፣ መሸከም፣ ማለስለስ በአንድ ጉዞ ውስጥ ይፈራረቃሉ። በእጅ ከሆነ በየጊዜው ወርደው ማዞር አለብዎት፣ ስለሚሰለች ደግሞ ማንም አያደርገውም። ለመግጠም በትራክተሩ ኋላ አንድ ጥንድ የሃይድሮሊክ መውጫ ያስፈልጋል። ሲሊንደሩ ሲዘጋ ከአሁኑ ቶፕ ሊንክዎ መካከለኛ ልክ ያጠረ፣ ሲከፈት ደግሞ የረዘመ መሆን አለበት። ዘይቱ ሾልኮ ልኩ እንዳይለወጥ መቆለፊያ ቫልቭ ያለው ይግዙ። ቱቦዎቹ ሳጥኑ እስከ ላይ ሲነሳ እንዳይወጠሩ፣ ሲወርድም ጎማ እንዳይነኩ አድርገው ያስሩ። ከገጠሙ በኋላ ሲሊንደሩን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ሳጥኑን በጣም ቀስ ብለው ያንሱ። የሳጥኑ ራስ ከትራክተሩ ጋር የሚጋጨው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው የቀኝ ክንዱን በሃይድሮሊክ ማድረግ ነው። የመንገድ ዳር ዝቅ ለማድረግ ይጠቅማል። ተራው በእጅ የሚዞረውም ይሠራል፣ ስለዚህ አይቸኩሉ።

ሳጥኑ ቀላል ከሆነ ክብደት ይጨምሩለት። አርማታ ጥሩ ነው። 20 በ20 ሳ.ሜ ሆኖ አንድ ሜትር የሚረዝም ምሰሶ 96 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ ከስለቶቹ በላይ ይረፍ፣ በብሎን ይታሰር። ድንጋይ ብቻ ጭኖ መሄድ ልክ አይደለም፣ ሲነጥር ይወድቃል። ክብደት ሲጨምሩ የትራክተሩን ፊት ያስቡ። ሳጥኑ ሲነሳ የፊት ጎማው ቢያንስ የትራክተሩን ክብደት አንድ አምስተኛ ካልተሸከመ መሪው አይታዘዝም። ፊቱ ላይ ሎደር ወይም የክብደት ብረት ይኑር።

ሳጥኑ እየቆረጠ ጎማው የሚንሸራተት ከሆነ ችግሩ ትራክተሩ ዘንድ ነው። የኋላ ጎማዎቹን ውሃ ይሙሉ። ጎማው የሚሞላው እስከ ሦስት አራተኛው ብቻ ነው፣ ቫልቩ ወደ ላይ ሆኖ እስከ ቫልቩ ድረስ። ቀሪው አየር ይሁን። ብርድ ውሃ በሚያረጋበት ቦታ የማይረጋ ፈሳሽ ይጨመርበታል።

ብየዳ ሊያሠሩ ከሆነ ሳጥኑን ከትራክተሩ ይፍቱት። የትራክተሩ ኤሌክትሮኒክስ የብየዳ ጅረት አይወድም። ስለቱን ራሱን አይበይዱት፣ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ሳይሞቅ ከተበየደ ይሰነጠቃል።

መሥራት

ጥርስ ከማውረድዎ በፊት ከሥር የውሃ፣ የመብራት ወይም የስልክ መስመር አለመኖሩን ያረጋግጡ። ትራክተሩ ቢገለበጥ ነጂውን የሚጠብቀው የመከላከያ ቅስት ቆሞ፣ የደህንነት ቀበቶው ታስሮ ይንዱ።

መሬቱ ትንሽ ርጥበት ሲኖረው ይሥሩ። ደረቅ ከሆነ አቧራ ይሆናል፣ አይጠቀጠቅም። ጭቃ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ ይጣበቃል። ከዝናብ በኋላ አፈሩ ሲጠነፍፍ ያለው ጊዜ ምርጡ ነው።

የተጎዳ መንገድ ላይ በመጀመሪያ ጥርሱን አንድ ቀዳዳ ዝቅ አድርገው ይቦጭቁ። ትራክተሩ ከደከመ ሁለተኛውንና አራተኛውን ጥርስ ወደ ላይ ይሰብስቡ። ጉድጓዱን ዝም ብሎ መሙላት አይሠራም። ጠርዙ ጠንካራ ሆኖ ስለሚቀር የሞላው ጠጠር መኪና ባለፈ ቁጥር እየተተፋ ይወጣል። በዙሪያው ያለው መሬት ከጉድጓዱ ወለል እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ እስኪቦጨቅ ድረስ ይሂዱበት። አድካሚ ነው፣ ግን አንዴ ነው።

ከዚያ ጥርሱን ሙሉ በሙሉ ይሰብስቡ። ቶፕ ሊንኩን መካከለኛ ልክ ላይ አድርገው ሳጥኑን ይሙሉ። ሳጥኑ ሲሞላ መሸከም ይጀምራል። ዝቅ ያለ ቦታ ሲደርሱ ቀስ ብለው ያንሱ፣ እየሄዱ ያራግፉ። መጨረሻ ላይ ቶፕ ሊንኩን አስረዝመው ያለስልሱ።

ውሃ መንገዱ ላይ እንዳይቆም መሐሉ ከፍ ይበል። ለጠጠር መንገድ 4 ፐርሰንት ተዳፋት ጥሩ ልክ ነው። 3 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ላይ መሐሉ ከዳሩ 6 ሳ.ሜ ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህን ለማውጣት የቀኝ ክንዱን ዝቅ አድርገው ዳሩን በቀኝ ይዘው ይሂዱ። 1.8 ሜትር ሳጥን ላይ በአንዱ ጫፍና በሌላው መካከል 7 ሳ.ሜ ያህል ልዩነት ይፈጠራል። ሲመለሱ ሌላውን ዳር እንዲሁ። ዝቅ ያለው ጫፍ ዳሩን ይቆርጣል፣ አፈሩ ወደ መሐል ያመራል።

ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል፣ በተለይ ግድግዳ ጥግ ላይ። ነገር ግን የታች ክንዶቹ ለመጎተት እንጂ ለመገፋት አልተሠሩም። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ልቅ አፈር ብቻ ይግፉ። ጉቶ ወይም ትልቅ ድንጋይ ጋር ወደ ኋላ እየሄዱ ከተላተሙ ክንዱ ይጎብጣል።

ሥራ ሲያልቅ

ሳጥኑን እንደተነሳ አይተዉት፣ መሬት ላይ ያሳርፉ። ከሥሩ ገብተው የሚሠሩ ከሆነ እንጨት ወይም ብረት ደግፈው ብቻ ይግቡ። ሃይድሮሊኩን አይመኑ።

ጭቃውን ያራግፉ፣ የቶፕ ሊንኩን ብሎን ግራሶ ይቀቡ። የስለቱን ብሎኖች ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በኋላ እንደገና ያጥብቁ፣ አዲስ ብሎን ሁልጊዜ ይላላል። ስለቱ በየሳምንቱ ምን ያህል እንዳለቀ ይዩ። ቀድሞ የሚያልቀው ጫፎቹ ናቸው። የሳጥኑ የራሱ ብረት መፈተግ ከመጀመሩ በፊት ስለቱን ይገልብጡ፣ ሁለቱም አፎች ካለቁ ይቀይሩ። ጥርስ የሚይዙ ፒኖች ደግሞ እንደሚጠፉ ይጠብቁ። ሁለት ሦስት ትርፍ ፒን ከነመቆለፊያቸው በትራክተሩ የዕቃ ሣጥን ውስጥ ይኑር።